የአሥር አለቃው ቪታሚን

ዲላ ላይ ፊቱ የተነፋ ሰው ደልቶታል ይባላል፤ አለቀ። በምን ተነፋ ብሎ የሚጠይቅ የለም። "ወፈርክ!" ይሉታል፣ "ተመቸህ!" ይሉታል፣ እጁን ጨብጠው አይለቁትም። የከሳ ሰው ግን ስሙ እንኳ ይጠፋል። ስንጥሩ፣ ነፋስ የሚወስደው፣ አጥንቱ እየተባለ ይኖራል። የቡና ወቅት ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ከስም ያልፋል። የመጋዘን አለቃ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ተሸካሚ ሲመርጥ ትከሻ ያያል እንጂ ሰው አይጠይቅም። "አንተ፣ አንተ፣ ያ ከኋላ ያለኸው" ይላል። ያልተጠራው እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ መጣበት ይመለሳል።

የወርቂቱ ወንድም ጴጥሮስ ከዚያ በር ላይ ስንት ጠዋት እንደተመለሰ እሱ ራሱ አያውቀውም።

ወርቂቱ ከቡሌ ደጋ ወደ ዲላ የወረደችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። ሰው ቤት ሠራች፣ አገባች፣ ባሏ ሞተባት፣ በመጨረሻ ከቡና መጋዘኖቹ ፊት ለፊት አንዲት ሻይ ቤት ከፈተች። ፓስቲዋ ትልቅ ነው፤ ምላሷም አያንስም። ደንበኛ ሻዩ ቀጠነ ቢላት "እንዳንተ ነዋ!" ብላ ትመልስለታለች። ልጅ አልነበራትም። ስለዚህ የመጨረሻ ወንድሟን ከእናቷ ጓሮ አምጥታ አጠገቧ አኖረችው፤ አስተማረችው፣ አለበሰችው፣ አበላችው። ጴጥሮስ መብላቱን ይበላል፤ ሥጋ ግን አልይዝ አለው። አባታቸውም እንደዚያው ነበሩ፤ የዘር ነው። ይህን ግን ለመጋዘን አለቃ ማን ያስረዳል?

ከሻይ ቤቷ በር ሲታይ ከመጋዘኑ ጎን ያለው ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። አሥር አለቃ ተክለማርያም ስፖርት ቤት የከፈተው እዚያ ነው። ስፖርት ቤት ይባል እንጂ ያለው አንድ የቆርቆሮ ዳስና ከሞተ ካሚዮን የተነቀለ ብረት ነው። ብረቱ በሁለቱም ጫፍ ሲሚንቶ የተሞላ የዘይት ጣሳ ተተክሎበታል። ዳሱ ላይ ከመጽሔት የተቀደደ፣ ቅባት ተቀብቶ ራቁቱን የቆመ ፈረንጅ ተለጥፏል። ጎረምሶቹ ጠዋት ከሥራ በፊት ብረት ይገፋሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቡና በሚመዘንበት ባስኩላ ላይ ተራ በተራ እየወጡ ይመዘናሉ። ወርቂቱ ሰው እንደ ጆንያ ባስኩላ ላይ ሲወጣ ያየች ቀን ሆዷን ይዛ ስቃለች።

አሥር አለቃው በጦር ሠራዊት ውስጥ የስፖርት አሠልጣኝ ነበርኩ ይላል። ይሁን፣ ነበር እንበል። ቀጥ ያለ፣ ደረቅ፣ ጢሙን በመቀስ የሚያስተካክል ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ሰፈር ያናውጣል። ዘንድሮ የንጉሡ የዘውድ በዓል ሲከበር የአውራጃው ገዢ በተገኙበት ጎረምሶቹ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ጡንቻቸውን እንደሚያሳዩ፣ አንደኛ የወጣውም አዲስ አበባ እንደሚላክ አስወርቷል። ጴጥሮስ ይህን ሰምቶ ነው በክረምት የገባው። ውሎ ሲያድር ግን ከድካም በቀር ያገኘው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን አሥር አለቃው ለብቻው ጠራውና ነጭ ኪኒን መዳፉ ላይ አኖረለት።

"አንተን ብረት ብቻውን አያድንህም" አለው። "ይሄ ቪታሚን ነው። ታሽጎ የመጣ ጉልበት በለው።"

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ዲላ በሙሉ አይቷል። የጴጥሮስ ጉንጭ ሞላ፣ ፊቱ ክብ ሆነ፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር ተገናኘ፣ ሆዱም ከቀበቶው በላይ ብቅ አለ። ረሃቡ ደግሞ ረሃብ አልነበረም፤ ሌላ ነገር ነው። ፓስቲ በትሪ ሲቀርብለት ትሪው ባዶ ይመለሳል። ባስኩላው በየቅዳሜው ወደ ላይ ይል ጀመር፤ አሥር አለቃውም ጎረምሶቹን ሰብስቦ "እዩት! ይሄን እዩት!" ይላቸዋል። አንድ ጠዋት የመጋዘኑ አለቃ ጣቱን ቀስሮ "አንተ" አለው። ጴጥሮስ የዚያን ቀን ማታ ሲመለስ ወገቡ ተቆርጦ፣ ልቡ ግን በደስታ ጮቤ እየረገጠ ነበር።

ጎረቤት ሁሉ ወደ ወርቂቱ መጣ። "ወንድምሽን ምን አበላሽው? እኛም እናብላ እንጂ!" ይሏታል። እሷም አፏን ሞልታ "የእጄ ነው" አለች። ፓስቲዋ ነዋ! እሷ ምን ታውቃለች? እዚህ ላይ የሚወቅሳት ካለ እስቲ ይምጣ፤ ከተማው በሙሉ ዓይኑን ገልጦ ያላየውን እሷ ብቻዋን ከየት ታምጣው?

ለመስቀል ወደ ቡሌ ሲወጡ አሥር አለቃው በዓሉን የሚያሳልፍበት ኪኒን በአንድ ጠርሙስ ሞልቶ ሰጠው። እናታቸው ልጃቸውን ከሩቅ ሲያዩት መጀመሪያ አላወቁትም። ሲያውቁት እልል አሉ። ጎረቤት ተጠራ፣ ጉንጩን የማይነካ አልነበረም። "ልጄን ሰው አደረግሽልኝ" አሉ እናቲቱ የወርቂቱን እጅ ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "ሁልጊዜ የምጸልየው ይሄንን ነበር።" ወርቂቱም አለቀሰች። ከእናቷ እንዲህ ያለ ምርቃት አግኝታ አታውቅም። ቁልቁለቱን ሲመለሱ ጴጥሮስ በየመንገዱ እየተቀመጠ ሲያርፍ አየችው፤ የበዓል ምግብ ከብዶት ነው አለች።

የገባት በርጩማው ላይ ነው።

ከቡሌ በተመለሱ ማግስት ጴጥሮስ ሻይ ቤቷ ውስጥ ዝቅ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ በላ፣ ጠጣ፣ ሊነሳ ሲል አልሆነም። እንደገና ሞከረ። ጭኑ እየተንቀጠቀጠ ግማሽ ድረስ ተነሳና ተመልሶ ዘፍ አለ። በመጨረሻ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ተደግፎ ሲነሳ ጠረጴዛው ተዘቀዘቀ፣ ብርጭቆዎቹ ወርደው ተሰበሩ። ደንበኞቹ ሳቁ። "ክብደቱ ነው! ቤት ሊያፈርስ ነው!" አሉ። ጴጥሮስም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

ወርቂቱ አልሳቀችም። የሲሚንቶ ጣሳ ከራሱ በላይ የሚያነሳ ልጅ ከበርጩማ መነሳት እንዴት ያቅተዋል? ደንበኞቹ ሲወጡ በሩን ዘጋችና "ሸሚዝህን አውልቅ" አለችው።

"ምን ሆነሻል፣ እትዬ?"

"አውልቅ ብዬሃለሁ!"

ሆዱ ላይ ቆዳው ሊቀደድ የደረሰ ይመስል ሐምራዊ ሰንበር ሰንበር ወጥቶበታል። ፊቱ ያን ያህል ሞልቶ ክንዱ እንደ ድሮው ነበር፤ እንዲያውም ከድሮው ቀጥኗል። ሱሪውን ስትሰበስበው በክረምት ሳጥን የጫረው ቅልጥሙ ላይ ያለው ቁስል አሁንም አፉን እንደከፈተ ነው። ትንሽ ጭረት ነበር፤ ያኔ ሲጫር አይታዋለች።

"ይሄ ሳይድን ነው እስከዛሬ?"

"ይድናል። አሥር አለቃ ጡንቻ ሲያድግ ደም ወደዚያ ይሄዳል ብሎኛል።"

ወርቂቱ የጋለውን ዘይት ከእሳት ላይ አወረደችና ሽርጧን ሳትፈታ መንገዱን ተሻግራ ግቢው ገባች። አሥር አለቃው ጢሙን በትንሽ መስተዋት እያየ ነበር።

"አሥር አለቃ፣ ወንድሜን የሚያስውጡት ምንድን ነው?"

"ቪታሚን ነዋ። ፈረንጅ በየቤቱ ለልጁ የሚሰጠው።"

"እርስዎስ ይውጣሉ?"

"እኔ?" አለ መስተዋቱን ሳይለቅ። "እኔማ ጊዜዬ አልፏል።"

"ለልጅ የሚሆን ለሽማግሌ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? እርስዎ እንዲህ ደርቀው ቀርተው፣ ሌላውን የሚያወፍሩት ለምንድን ነው?"

አሁን ዞሮ አያት። ሰውየው ነገር ያውቅበታል። "ወይዘሮ ወርቂቱ፣ አርፈሽ ሻይሽን አፍዪ። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጎረምሳ ጠዋት ጠዋት ፓስቲሽን ጠራርጎ የሚበላልሽ በማን ሆነና ነው? በኔ ቪታሚን አይደለም?"

እውነቱን ነው። ከክረምት ወዲህ የምታቦካው ዱቄት እጥፍ ሆኗል፤ ጎረምሶቹ እንደ አንበጣ ሲወርዱባት ምን ነካቸው ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችም፤ እሰይ ብላ ነው ያቦካችው። ፊቷ እሳት መሰለና "የምታበላቸው መርዝ ነው! ስማኝ፣ መርዝ ነው!" ብላ ወጣች። "እርስዎ" ማለቱን እዚያው ጥላው ቀረች፤ ዳግመኛም አላነሳችውም።

ቤት እንደገባች የጴጥሮስን ሳጥን ከፈተች፣ ጠርሙሱን አወጣች፣ ጓሮ ሄዳ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨመረችው። ጴጥሮስ ደርሶ ሲጮህ አልሰማሁም አለች። "የዘውድ በዓሉ እኮ ደርሷል! አሁን ብተወው ፊቴ ይጎድላል፣ ከመጋዘን ያባርሩኛል!" ብሎ ለመናት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ።

"ወይ ኪኒኑ ወይ እኔ" አለችው። "ሁለተኛ ከዚያ ሰውዬ እጅ ምንም ነገር ላትውጥ በእማዬ ስም ቃል ግባልኝ።"

ጴጥሮስ በእናታቸው ስም ቃል ገባ። ጴጥሮስ ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነበር። ምነው ያን ጊዜ እንደ ሌላው ጎረምሳ ዋሽቷት፣ ተደብቆ በዋጠ ኖሮ!

በመጀመሪያው ቀን ደከመኝ አለ። ወርቂቱ መርዙ ሲወጣ ነው ብላ ወተት ሰጠችው። በማግስቱ ምግብ አልጠጋ አለው፤ ያ ሁሉ ረሃብ የውሃ ሽታ ሆነ። ያስመልሰው ጀመር፣ ሆዱን ያዘው፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ታመመ። እሷ አሁንም "እሰይ፣ ይውጣ!" ትላለች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ፊቱን ሊታጠብ ሲነሳ ጓሮ ላይ ተዘረጋ። ስትደርስ ላብ አጥምቆታል፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ስሟን ሊጠራ ፈልጎ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ጮኸች። የመጋዘን ተሸካሚዎች ደርሰው በቡና ጆንያ ላይ አስተኝተው ጤና ጣቢያ አደረሱት።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዘነበ ገና ልብሱን እየለበሰ ነበር። ዘነበ ቀጭን ሰው ነው፤ እጅግ ቀጭን። የልጁን ፊት እንዳየ ምንም ሳይጠይቅ ደም ግፊቱን ለካ፣ ካዝናውን ከፍቶ አንድ መርፌ አወጣ፣ ወጋው፣ በደም ሥሩም ግሉኮስ ሰቀለለት። ከዚያ ወደ ወርቂቱ ዞሮ "ኪኒኑን መቼ አቆመ?" አላት።

"አውቀኸዋል እንዴ ኪኒኑን?"

"ፊቱን አውቀዋለሁ። ለአስምና ለመገጣጠሚያ በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ለታመመ ሰው፣ ለክቶ፣ በሐኪም እጅ ሲሆን ጥሩ መድኃኒት ነው። ደህና ሰው ሲውጠው ውሃ እየያዘ ያሳብጠዋል፣ ጡንቻውን ይበላዋል፣ ቁስሉ አይሽርም። መቼ አቆመ?"

"እኔ ነኝ የጣልኩበት" አለች ወርቂቱ። "መርዝ ነው ብዬ።"

ዘነበ ተነፈሰ። "ስሚኝ፣ እህቴ። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው እንዲሁ ያለ ነገር አለ፤ ያለ እሱ አንቆምም። ከውጭ ሲገባለት የራሱን መሥራት ይተዋል። አንድ ቀን በድንገት ስታቋርጪው ከውጭም የለ፣ ከውስጥም የለ፤ እንዲህ ይወድቃል። የሚተወው ቀስ ተብሎ ነው፤ አንዱ ግማሽ ይሆናል፣ ግማሹ ሩብ ይሆናል፣ ሳምንታት ይፈጃል። ማንም ይሁን፣ ጉልበተኛም ይሁን፣ በድንገት የሚያቆም እንዲህ ነው የሚሆነው።"

እሷ ናት እንግዲህ። ወተት እየሰጠች፣ እሰይ እያለች፣ በገዛ እጇ ስትገድለው ነው የሰነበተችው።

"አንተ ይሄን ሁሉ እያወቅህ ነው ዝም ያልከው?" አለችው በመጨረሻ፤ ንዴቷ መሄጃ አጥቶ እሱ ላይ ወረደ። "ጎረምሶቹ ሁሉ ሲያብጡ እያየህ?"

"ዝም አላልኩም። ግቢው ድረስ ሄጄ ተናግሬያለሁ። አሥር አለቃው ጎረምሶቹ ፊት አቁሞ ከላይ እስከ ታች አየኝና 'ራሱን ማወፈር ያቃተው ሐኪም ስለ ጤና ሊነግራችሁ መጥቷል' አላቸው። ሳቁብኝ። ቀንቶ ነው አሉኝ።" ድሬሰሩ ቀጭን እጁን ተመለከተ። "አሁን የዚህን ልጅ ነገር እናስብ። የነበረኝ መርፌ ይኸው አንድ ነበር፤ እስከ ማታ ያቆየዋል። ይርጋለም ሆስፒታል እንዳንልከው መንገዱ በጭቃ ተቆርጧል፣ ከትናንት ጀምሮ አውቶቡስ አላለፈም። ኪኒኑ ያለው ደግሞ ዲላ ላይ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው።"

ስሙን አልጠራውም። መጥራትም አላስፈለገውም።

ወርቂቱ ከጤና ጣቢያው እስከ ግቢው ድረስ እንዴት እንደሄደች አታስታውስም። መርዝ ብላ ፊቱ ላይ የተፋችበትን ሰው፣ ያንኑ መርዝ እባክህ ስጠኝ ልትለው ነው። እሱ አሳመመው፣ እሱ ደግሞ ሊያድነው ነው፤ ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ግን ልጁ እዚያ ተኝቷል፤ ማታ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም።

ግቢው ውስጥ ጎረምሶቹ ተሰልፈዋል። የጴጥሮስ መውደቅ ቀድሟት ደርሶ ነበርና ያን ቀን ብረቱን የነካ የለም። አሥር አለቃው የዕለቱን ኪኒን በየመዳፋቸው አድሏል፤ የዋጠ ግን አልነበረም። ያንን ሁሉ ክብ ፊት በአንድ ሰልፍ ስታይ፣ ቀይ ጉንጭ፣ ትንሽ ሆኖ የጠበበ ዓይን፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ወርቂቱ ምነው ይሄን ሳላየው ቀረሁ አለች በልቧ። እሷን ሲያዩ ሰልፉ ተንሾካሾከ።

"ለጴጥሮስ ኪኒን ፈልጌ ነው" አለች ቀስ ብላ።

"ሰማችሁ?" አለ አሥር አለቃው። ፈገግታው ጢሙን ከፍ አደረገው። "ያቺ መርዝ ነው ያለችኝ ሴት ናት።"

"ስጠኝና ልሂድ።"

"እሰጥሻለሁ። ለምን እከለክልሻለሁ? እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ልጆቼ ፈርተዋል፤ ቪታሚኑ ጴጥሮስን ጣለው የሚል ወሬ አለ። በዓሉ ደግሞ ደርሷል። እውነቱን ብቻ ንገሪያቸው፤ ሌላ አልጠይቅሽም። ወንድምሽ የወደቀው ቪታሚኑን ስለዋጠ ነው ወይስ አንቺ ስለጣልሽበት?"

ወርቂቱ በሕይወቷ ብዙ ውሸት ሰምታለች፤ ሻይ ቤት የዋለ ሰው የማይሰማው የለም። እውነት ግን እንዲህ ለውሸት ሎሌ ሆኖ ሲታዘዝ ያየችው ያን ቀን ነው። እምቢ እንዳትል ጴጥሮስ አለ። ውሸቱን ነው እንዳትል፣ ያለው ነገር እውነት ነው!

"ስለጣልኩበት ነው" አለች።

"ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"

"ስለጣልኩበት ነው!"

ሰልፉ በአንድ ትንፋሽ ተነፈሰ። አንዳንዱ ሳቀ። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ፈድሉ፣ ሠርጉ የተቃረበው፣ "እኔ መጀመሪያውንም አላመንኩም!" አለ። አሥር አለቃው ከጠርሙሱ እፍኝ ኪኒን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ዘረገፈላት። ወርቂቱ ቋጠረችው፣ ቋጠሮውን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው፣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ነገሩ አልቆ ነበር። ዞራ መሄድ ብቻ ነው የቀራት። ሊወጣ የቀረበ እግሯ ግን ሁሉም መዳፉን ወደ አፉ ሲያነሳ ስታይ ተተከለ። በእሷ ቃል ነው የሚውጡት። በእሷ አፍ!

"ቆዩ!" አለች።

ድምፁ ከእሷ መውጣቱን ራሷም ተጠራጠረች። እጆቹ ሁሉ ባሉበት ቆሙ።

"ጥዬበት ነው የወደቀው፤ እውነት ነው። እስቲ አሁን እኔ ልጠይቃችሁ! የእናታችሁን ቆጮ አንድ ቀን ባትበሉ ምን ትሆናላችሁ? ይርባችኋል። ወተት ብትተዉ፣ ሥጋ ብትተዉ ይርባችኋል፤ ጓሮ ላይ ትዘረጋላችሁ? ምን ዓይነት ምግብ ነው ሲተዉት ሰው የሚጥል? እኔ የጣልኩበት ሦስት ቀን አይሞላም፤ ልጁ ምላሱ ተሳስሮ ስሜን መጥራት አቅቶት ጤና ጣቢያ ተኝቷል! ይሄ ቪታሚን ነው? ይሄ ሰውን በአፉ በኩል ማሰር ነው!"

"አስወጧት!" አለ አሥር አለቃው። የተነቃነቀ አልነበረም።

"ከበርጩማ ሲነሳ ጉልበቱን የሚደግፍ ማነው? ንገሩኝ! ቁስሉ አልሽር ያለው ማነው? ሆዱ የተሰነጠቀው? ሁላችሁም የኔን ፓስቲ ስትበሉ ከርማችኋል፤ የበላችሁት የት ገባ? ክንዳችሁን እዩት! እዚያ ተለጥፎ የሚያስቀናችሁን ፈረንጅ ሳይሆን የገዛ ክንዳችሁን እዩት!"

ከሰልፉ ትልቁ ሙሉካ የሚባለው ተሸካሚ ነው። ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ሰበሰበና ቅልጥሙን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። እሱም እዚያ ላይ ያልሻረ ጭረት ነበረው። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጦ ነበር፤ መዳፉን ገለበጠና ኪኒኑን ጭቃው ላይ ጣለው። አጠገቡ ያለው አፉ የከተተውን እትፍ አለ። ሌላውም ተፋ። ከዚያ እንደ ዝናብ ሆነ፤ ሁሉም እየጣለ፣ እየረገጠ፣ አሥር አለቃውን በስሙ እየጠራ ይሰድበው ጀመር።

ወርቂቱ ለአንድ አፍታ ደረቷ በደስታ ሞላ። ሰሙኝ! አለች።

ወዲያው ግን የድሬሰሩ ቃል ትዝ አላት። ማንም ይሁን ነበር ያለው፤ በድንገት የሚያቆም። ይሄ ሁሉ ልጅ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በየጓሮው ሊዘረጋ ነው፤ መርፌው ደግሞ አልቋል።

"አትጣሉ!" ብላ ጮኸች። "አትትፉ! ዋጡት!"

"ምን ትያለሽ፣ ሴትዮ?" አለ ሙሉካ። "አሁን መርዝ ነው አላልሽም?"

"መርዝ ነው! ዋጡት! ድሬሰር ዘነበ ዘንድ እስክትደርሱ ድረስ ዋጡት! ቀስ አድርጎ የሚያስጥላችሁ እሱ ነው። ዛሬውኑ ከተዋችሁት እንደ ወንድሜ ትወድቃላችሁ፤ እኔ ገድዬው ነበር፣ በእጄ ገድዬው ነበር፣ እናንተን አልደግምም!"

አሥር አለቃው እጁን አጣጥፎ "አላልኳችሁም?" ሲል ወርቂቱ ተንደርድራ ጠርሙሱን ከብብቱ ነጠቀችው። ሊመታት እጁን አነሳ። ሙሉካ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲል እጁ ተመልሶ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ ውስጥ ድምፁን የሰማ የለም።

እሷም በሰልፉ ፊት ማለፍ ጀመረች። አንድ አንድ ኪኒን እያወጣች በየመዳፉ ታኖራለች፣ እያኖረች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ሰውየውን ትረግማለች፣ ከተማውን ትረግማለች፣ "ወፈርክ" ያለውን አፍ ሁሉ፣ የራሷንም ጨምራ ትረግማለች። ጎረምሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሏት። ለሁሉም "ከመቼ ጀምሮ ነው የምትውጠው?" ትላለች። ከክረምት ይላታል፣ ከነሐሴ ይላታል፣ ከመስቀል በፊት ይላታል። "እንግዲያው ዋጥ፤ ከዚያ ተከተለኝ" ትለዋለች።

መጨረሻ ላይ ፈድሉ ቆሟል። ሳቁ ጠፍቷል፤ እሷ ያኖረችለትን ኪኒን በሁለት ጣቱ ይዟል።

"አንተስ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እኔ ዛሬ ልጀምር ነበር" አለ። "ለሠርጌ ትንሽ ፊቴ ሞላ እንዲልልኝ ብዬ…"

"ከዚህ በፊት አንድም አልዋጥክም?"

"አንድም።"

"እንግዲያው አንተ ጣለው" አለችው።

ፈድሉ ጣቶቹን ከፈተ። ነጯ ኪኒን ጭቃው ላይ ወደቀች፣ እሱም በጫማው ረገጣት። ሌሎቹ የየራሳቸውን ምላሳቸው ላይ እንደያዙ፣ መጣል የቻለውን ሰው በቅናት ቆመው ተመለከቱት። ከዚያ ውሃ በጣሳ ተቀባብለው ዋጡ።